ቡና ጠሪዋ

ልጅ ቡና አይጠጣም፤ ለቡና መላላክ ግን የልጅ ሥራ ነው። ፍም አምጣ፣ ቆሎውን አዙር፣ ሲኒ ሰብስብ፣ ከሁሉም በላይ ጎረቤት ጥራ። ደመወዝ የለውም።

ከሚሴ፣ እናቴ ቤት፣ ይህ ሹመት የተሰጠው ለእህቴ ልጅ ነው። አምስት ዓመቷ ነው። ከሚሴ በደሴ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ቦርከና በሚያቋርጠው ጨፋ ሜዳ አጠገብ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማም ስለሆነች ቡና የሚጠራው በሁለት ቋንቋ ነው፤ አንዱ በር ላይ «ቡና ጠጡ!»፣ ቀጣዩ ላይ «ኮታ፣ ቡና ዹጋ!»። ልጅቱ ሁለቱንም ታቀላጥፋለች። የተከለከለችው መጠጣቱን ብቻ ነው።

እናቴ ስትከለክላት በዘዴ ነው። «ላንቺ ሲቀጥን ነው፣ አብሽሪ» ትላታለች። አቦል ያልፋል፣ ቶና ያልፋል፣ በረካ ሲደርስ ልጅቱ እንቅልፍ ወስዷታል።

ቡና መከልከል የቆየ ነገር ነው። የየመን ሱፊዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሌሊት ዚክር እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1511 የመካው ሹም ኸይር በይ ከለከለው፤ ብዙም ሳይቆይ ካይሮ ያሉት የበላዮቹ እገዳውን አላሉት። በእኛም አገር የደጋው ክርስቲያን «የሙስሊም መጠጥ ነው» እያለ ሲሸሸው ኖሮ፣ የለመደው በምኒልክ ዘመን ነው። ሁሉም በየተራው ሲፈቀድለት ልጅ ብቻ ቀረ።

አንድ እሁድ ግን ልጅቱ ሒሳቡን ሠራችው። ቡና የሚቀጥነው ውኃ ሲጨመርበት ነው፤ ውኃ የሚጨመረው ሰው ሲበዛ ነው። እንግዲህ ሰው ማብዛት ነው! ለጎረቤት ተልካ ልብስ ሰፊውን ጠራች፣ ባጃጅ ነጂዎቹን ጠራች፣ ከሰንበቴ ገበያ ተመልሰው ገና ከመኪና የወረዱ የማናውቃቸው ሁለት ሴቶችንም ጠራች። ሁሉም መጡ። ቡና ተጠርቶ የመጣን ሰው መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

እናቴ «ሲኒ ተዋስ» ብላ እኔን አስሮጠችኝ። የደረስኩበት በር ሁሉ ተዘግቷል፤ ሲኒ የሚያውሱት ሰዎች እኛው ቤት ተቀምጠው ቡና ይጠብቃሉ። በብርጭቆም በጣሳም ተቀዳ። ጀበናዋ እየተሞላች ስትጣድ ስትወርድ ዋለች፤ በረካም አለፈ። ከበረካ በኋላ ላለው ዙር ስም አልወጣለትም። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ለዝናቡ፣ ለሰላሙ፣ ለከብቱ ዱዓ አደረጉ፤ መጨረሻ ላይ «ጠሪዋንም አላህ ያሳድጋት» ሲሉ ቤቱ በ«አሚን» ተናጋ።

ከዚህ በኋላ ማን ይከልክላት? ተቀዳላት። ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ አንዴ ፉት አለችና ለእናቴ መለሰችላት።

«ይሄማ ውኃ ነው።»

ሽማግሌው ቀምሰው «እውነቷን ነው» ብለው ፈረዱላት።

እናቴ እስከ ዛሬ ፍርዱን አልተቀበለችም። እኔ ግን ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ቡና ለሕፃን አይበጅም፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ይሄ አያከራክርም። ነገር ግን ልጁን ቡና የሚከለክል ሰው ጎረቤቱን ራሱ ይጥራ።