ሒሳቡ ዜሮ፣ መስመሯ ባዶ

በክሩዝ መርከብ ላይ አስቀድሞ የተከፈለበት እራት ሲያበቃ አስተናጋጁ ብዙውን ጊዜ በጥቁር ማኅደር አንዲት ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። የተበላው ሁሉ በተራ ተዘርዝሯል። ከግርጌው ድምሩ አለ፤ ድምሩም ዜሮ ነው። ከዜሮው በታች «ተጨማሪ ቲፕ» የምትል መስመር ትገኛለች፤ ከፊቷ ምንም አልተጻፈም። የዚህ ጥናት ርእሰ ጉዳይ ይህች ባዶ መስመር ናት። ርዝመቷ ከአንድ ጣት ባይበልጥም፣ የተማሩ ሰዎች እስክሪብቶ ይዘው ከፊቷ ሲያልባቸው ስለሚታይ በወጉ ልትመረመር ይገባታል።

መስመሯን ለመረዳት ከእርሷ በፊት የተከፈለውን ማወቅ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በሮያል ካሪቢያን መርከቦች በመደበኛ ካቢን የሚሳፈር ሰው በቀን 18 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቲፕ ይታሰብበት ነበር። ባልና ሚስት ለሰባት ሌሊት ሲሄዱ 259 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ ካቢን ለሚያጸዱት፣ በዋናው የምግብ አዳራሽ ለሚያስተናግዱትና ከጓዳ ሆነው ለሚደክሙት ይከፋፈላል። እነዚሁ ባልና ሚስት የአዳራሹ ምግብ አይበቃንም ብለው በስቴክ ቤቱና በጣሊያን ምግብ ቤቱ የሚበሉበትን ጥቅል ገና ከቤታቸው ሳሉ ከገዙ ደግሞ 18 በመቶ ቲፕ አብሮ ይታሰባል። ኖርዌጂያን በተባለው ኩባንያ መርከቦች 20 በመቶ ነው። እንግዲህ ተመጋቢው ሻንጣውን ሳያዘጋጅ፣ ላልቀመሰው ሥጋና ላላየው አስተናጋጅ ቲፕ ሰጥቷል። አስተናጋጁ በዚያች ሰዓት ምናልባት ማኒላ፣ እናቱ ቤት ተኝቶ ነበር። ምስጋና ከውለታው በወራት ቀድሞ የሚደርስበት ሌላ ሙያ እስካሁን አላገኘንም።

የአገር ቤት አንባቢ እዚህ ድረስ ላይገረም ይችላል። በአዲስ አበባ ሆቴሎች 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ተደራርበው ሲመጡበት ከፍሎ፣ ከዚያም በላይ መልሱን ትሪው ላይ ትቶ የወጣ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዟል። መርከቡ የሚሰጠው ሁለተኛውን ነው።

ከሁሉም የረቀቀው ግን የነጻ እራት ነው። ኖርዌጂያን «ፍሪ አት ሲ» በሚል ስም ለዓመታት የመጠጥና የልዩ ምግብ ቤት ጥቅሎችን ከጉዞው ጋር በነጻ ሲያቀርብ፣ ነጻው ነገር ቢሸጥ ኖሮ በሚያወጣው ዋጋ ላይ 20 በመቶ ቲፕ እንግዳው አስቀድሞ ይከፍል ነበር። ስጦታው በእርግጥ ነጻ ነው። ለስጦታው የሚቀርበው ምስጋና ግን ተመን አለው፤ ተመኑም ተቀባዩ ምስጋና ሳይሰማው በፊት ይሰበሰባል። በዚህ ላይ አስተያየት አንሰጥም፤ ጥናቱ ገለልተኛ ነው።

ታሪኩን ወደ ኋላ ብንመረምር፣ በባሕር ላይ ለብቻው የሚያስከፍል ምግብ ቤት መለመድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በጀርመኑ ሐፓግ ኩባንያ «አሜሪካ» በተባለው መርከብ ላይ ታዋቂው የሆቴል ሰው ሴዛር ሪትዝ ስሙንና ሙያውን ያዋሰው ምግብ ቤት ተከፈተ። በ1912 ታይታኒክ ላይም ሉዊጂ ጋቲ የተባለ ጣሊያናዊ የሚያስተዳድረው አላካርት ምግብ ቤት ነበር። መርከቡ የደረሰበትን ሌሎች ስለጻፉት እናልፈዋለን፤ እኛን የሚመለከተን የሒሳብ አያያዙ ነው። ምግቡን ሁሉ በጋቲ ቤት ለመብላት የወሰነ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ፣ በዋናው አዳራሽ ስለማይበላ ከቲኬቱ ዋጋ ላይ ይቀነስለት ነበር። ይቀነስለት ነበር! ዛሬ አይቀነስለትም። ያልበላበትን አዳራሽ ይከፍላል፤ ባልበላበት አዳራሽ ላሉት አስተናጋጆች ቲፕ ይሰጣል፤ የበላበትን ይከፍላል፤ በበላበትም ቲፕ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መስመሯ የምትመጣው። የሰው ልጅ እዚህ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ቲፕን ለማስቆም የሞከረ የለም ማለት አይደለም። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት በ1909 ቲፕ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሌሎች አምስት ግዛቶችም ተከተሏት። በ1926 አንዱም ሕግ በቦታው አልነበረም። በባሕር ላይ ደግሞ ሆላንድ አሜሪካ የተባለው ኩባንያ እስከ 2004 ድረስ «ቲፕ ግዴታ አይደለም» የሚል መመሪያ ነበረው። ግዴታ አይደለም የተባለ ሰው ምን ያህል መስጠት እንዳለበት ሲጨነቅ ማደሩን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። የእንግሊዙ የመርከብ ኩባንያ ፒ ኤንድ ኦ በ2019 የቀኑን የአገልግሎት ክፍያ ጨርሶ አነሣው። ይህ ግን ለዘርፉ ምንም የሚመራመሩበት ነገር ስላላስቀረ ከዚህ በኋላ አናነሣውም።

የዚህ ጥናት መላ ምት እንዲህ ነው፦ እራት አስቀድሞ ይከፈላል፤ ቲፕም አስቀድሞ ይከፈላል፤ ይሉኝታ ግን አስቀድሞ አይከፈልም። ጥቅሉ ከቤት ሲገዛ አስተናጋጁ ፊት ለፊት የለም። መስመሯ ስትቀርብ ግን ቆሟል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውኃ የቀዳ፣ የልጆቹን ስም በቃሉ የያዘ፣ የባልየውን ሥጋ «ትንሽ ይብሰልልኝ» ሲባል ሁለት ጊዜ ወደ ጓዳ የመለሰ ሰው ነው። ለዚህ ሰው ወረቀቱን በዜሮ ፈርሞ መመለስ፣ ዜሮው ምንም ያህል ሕጋዊ ቢሆን፣ ከባድ ነው።

በዚህች ቅጽበት የሚታየው ባህርይ የተለያየ ነው። አንዳንዱ መነጽሩን ያወጣና የተከፈለበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች እንደገና ያነባል። ሌላው መስመሯን ይሰርዛታል፤ ሰረዙ ግን የቁጣ እንዳይመስል ይፈራና ከጎኑ በትልልቁ «በጣም እናመሰግናለን» ብሎ ይጽፋል፤ ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክትም ይጨምራል። ደፋሩ ቀጥታ ይጠይቃል፦ «ቲፑ ተካቷል አይደል?» አስተናጋጁም «አዎን ጌታዬ፣ ተካቷል» ብሎ በትሕትና ይመልስና እዚያው ይቆማል። መቆሙ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ማኅደሩን እየጠበቀ ነው። ከሚስት ወገን የሚሰማው ሹክሹክታም አንድ ዓይነት ነው፤ «ተካቷል እኮ!» ትላለች፤ ባል «ቢካተትስ?» ይላል። ይህ «ቢካተትስ» የሚባለው ነገር የኢንዱስትሪው ምሰሶ ነው።

ጥሬ ገንዘብ የራሱ ሥርዓት አለው። በመርከቡ ላይ ሁሉም ነገር የሚገዛው በካቢኑ ካርድ ስለሆነ፣ ከቁማር ቤቱ በቀር የወረቀት ብር ጥቅም የለውም። ልምድ ያለው ተሳፋሪ ግን ከባንክ ያወጣቸውን የአንድና የአምስት ዶላር ኖቶች ካልሲ ሥር ይዞ ይወጣል። ኖቱ አራት ተጣጥፎ ለስንብት በሚዘረጋው እጅ ውስጥ ይገባል። ሰጪም ተቀባይም ወደ ታች አያዩም።

ነገሩን ከአስተናጋጁ ወገን ማየት ደግሞ የጥናት ወግ ነው። ከማያሚ የሚነሣው፣ እስከ 7,600 ተሳፋሪ የሚይዘው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ የሚያውለበልበው የባሃማስን ባንዲራ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኞቹን የሚገዛው የአሜሪካ የሥራ ሕግ አይደለም። የመርከብ ሠራተኞችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሥራ ሰዓትን ሲወስን፣ በየትኛውም 24 ሰዓት ከ14፣ በየትኛውም ሰባት ቀን ከ72 እንዳይበልጥ ይላል፤ ይኸውም ለሠራተኛው ጥበቃ ሲባል ነው። ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከሕንድ የመጣው አስተናጋጅ ቤተሰቡን ሳያይ ወራት ይቆያል። ደመወዝ መክፈል የአሠሪው ሥራ ነው የሚል ጥንታዊ አስተሳሰብ አለ፤ በባሕር ላይ ብዙ ተከታይ አላፈራም።

የቀኑን ቲፕ ማስቀነስ የሚሻ ተሳፋሪ መብቱ ብዙ ጊዜ የተጠበቀ ነው። ማድረግ ያለበት ወደ እንግዳ መቀበያው ወርዶ፣ ተራ ይዞ፣ ከኋላው የቆሙት ሁሉ እየሰሙት፣ የእነዚያው የአስተናጋጆቹ ባልደረባ ለሆነች ልጅ መናገር ብቻ ነው። አበሻ ይህን መብት ሲጠቀም ለማየት የተመኘ ተመራማሪ ረጅም ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

አበሻ ከተነሣ አይቀር፣ የባልቲሞር ወደብ ለዋሽንግተን ዲሲ ቅርብ ከሆነችው ከሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። የዚያ አካባቢ አበሻ ቤተሰቦች ሦስት አራት ሆነው፣ መኪናቸውን ወደቡ ላይ አቁመው መሳፈር ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች በየብስ ላይ ሲበሉ የእራቱ ዋና ክፍል የሚጀምረው ሒሳብ ሲመጣ ነው። «አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምከፍል!» «በእናትህ ተው!» «ባለፈውም አንተ ነህ የከፈልከው፣ ምንድን ነው ይሄ ነገር?» አንዱ ካርዱን ገና ሲገባ ለአስተናጋጇ በምስጢር ሰጥቶ ይገኛል፤ ሌላው እስከ መኪናው ድረስ ይቀየመዋል። አስቀድሞ የተከፈለ እራት ይህን ሁሉ ያመክናል። ደረሰኟ ዜሮ ይዛ ትመጣለች፤ በዜሮ ላይ ደግሞ መጣላት አይቻልም። ትልልቆቹ ሰዎች እጃቸው ኪሳቸው ላይ እንዳለ ግራ ተጋብተው ይተያያሉ። ድንገት አንዱ መስመሯን ያያታል። «እሺ፣ ቲፑን ለእኔ ተዉት!» ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ቁጥር ከምግቡም ከመስተንግዶውም ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚወስነው ባለፈው የልጅ ልደት ላይ ማን እንደከፈለ ነው። የተሸነፈው ወገን ወደ ውጭ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀርቶ አስተናጋጁን ገንዘብ ያስይዘዋል። አስተናጋጁ ይህን ጠረጴዛ በሚቀጥለውም ምሽት እንዲሰጡት አለቃውን ቢለምን አይፈረድበትም።

የጾሙም ጉዳይ አለ። ፍልሰታ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ይውላል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሽርሽሩ የሚደራውም ያን ጊዜ ነው። ልጆቹ ስቴክ ቤቱ ውስጥ ሪብአይ ሲቆርጡ፣ እናት አስፓራገሱን እየጠቆመች ቅቤ ነክቶት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ነክቶታል። በተቀቀለ ድንች ታድራለች። ቲፑ የታሰበው በጥቅሉ ዋጋ ላይ ስለሆነ ግን ላልነካችው ሥጋ ሙሉውን ከፍላለች። ስለዚህ ጉዳይ ፍትሐ ነገሥት ዝም ይላል።

ከገንዘቡ ቀጥሎ መጠይቁ ይመጣል። ጉዞው ሲያልቅ ኩባንያው ስለ መስተንግዶው ይጠይቃል፤ አስተናጋጁም በመጨረሻው ምሽት ስሙን ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ይነግራችኋል። ስሙን በመልካም ማንሣት ምንም አያስወጣም። ምንም የማያስወጣ ነገር በመሆኑም ተሳፋሪው ቤቱ ሲገባ ይረሳዋል።

እስካሁን መፍትሔ ያልተገኘለት የቴፓንያኪ ጠረጴዛ ነው። የማይተዋወቁ ስምንት ያህል ሰዎች በአንድ የጋለ ብረት ዙሪያ ይቀመጣሉ። ምግብ አብሳዩ ፊታቸው ቆሞ እንቁላል ወርውሮ በባርኔጣው ይቀልባል፤ የሽንኩርት ቀለበቶችን ደራርቦ እሳት ያስነሣባቸዋል፤ ይዘፍናል፤ ጨርሶም እጅ ይነሣል። ደረሰኟን የሚያመጣው ግን እርሱ አይደለም፤ እስክሪብቶም የለውም። ያለው የተሳፋሪዎቹ ዓይን ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ከስምንቱ አንዱ አምስት ዶላር መዘዝ ካደረገ የሰባቱ ሰላም ይደፈርሳል፤ አዝማሪ ቤት የመጀመሪያው ብር ግንባር ላይ ሲለጠፍ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ፊት ላይ የሚነበበው ነገር እዚህም ይነበባል። ሃያ የመዘዘ እንደሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል፤ ኪሳቸውን የሚዳብሱና ስልካቸውን የሚያዩ። ሁለቱም ወገኖች ቲፑን ከወራት በፊት ከፍለዋል።

ለጥንቃቄ የሚመከረው ብቸኛ ዘዴ ሽንኩርቱ ላይ ያለው እሳት እንደጠፋ መነሣት ነው። ለዚህም ቦታ ሲያዝ ከዳር ያለው ወንበር ይጠየቅ። መካከል የተቀመጠ ሰው ለመውጣት ሁለት ጎረቤት ማስነሣቱ ግድ ነው፤ ከሁለቱም አንዱ ክንዱን ይዞ «ቆይ እንጂ፣ ለሰውየው አዋጥተን እንስጥ» ማለቱ አይቀርም።