አንገቴ ያመጣብኝ ጣጣ

ቡልጋሪያ ውስጥ ራስ የሚነቀነቀው ከእኛ በተቃራኒ መሆኑን ሶፊያ በገባሁ በሳምንቴ ነግረውኝ ነበር። ግራና ቀኝ ማወዛወዝ «አዎ» ነው፤ ላይና ታች መነቅነቅ «የለም»። መስማትና መልመድ ግን ለየቅል ናቸው።

1978 ዓ.ም. ነው። አብሮኝ የሚማር ልጅ ለእህቱ ሰርግ ፕሎቭዲቭ አጠገብ ወዳለ መንደራቸው ወሰደኝ። ራኪያው (የአረቄያችን ወንድም ነው) ሁለት ሦስቴ እንደዞረ አንድ ሽማግሌ ካቫል የሚሉትን የትንፋሽ መሣሪያቸውን አወጡና «ዮቫኖ ዮቫንኬ»ን ያለ ዘፋኝ ነፉት። ግጥም የለ፣ ምን የለ፤ የሙት ልቅሶ መሰለኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጓደኛዬን ብጠይቀው፣ ቫርዳር ወንዝ ዳር ሸማ የምታነጣ ልጅ እናቷ ከወዳጇ አላገናኝ ብላት ነው አለኝ። እኔ ቀብር ደርሼ ተመልሻለሁ! «ዘፈኑ የእናንተ ነው የመቄዶንያ?» ብዬ ማከሌ ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ ገበታው ለሁለት ተከፈለ።

ጭብጨባውስ? ምቱ ሰባት ነው፦ አንድ ረዥም፣ ሁለት አጭር። እንደምንም ያዝኩት ስል ራቼኒፃ ወደሚሉት ጭፈራ ገቡ። እሱም ሰባት ነው፤ ረዥሙ ግን መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ዝም ባለበት የእኔ እጅ ብቻውን ጯ!

ሽማግሌው እንባዬን አይተው ኖሮ መጡ። «ልጄ፣ በአገርህ እንዲህ ያለ አለ?» ዋሽንት የሚባል አለ፣ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ነፍቻለሁ አልኩ። «እንግዲያ ትነፋልናለህ?» ደንግጬ ራሴን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ፤ ካቫሉ እጄ ገባ።

እኔ የማውቀው ባለአራት ቀዳዳ ሸምበቆ ነው። ይሄ ከሦስት ቁራጭ የሚጋጠም እንጨት ሆኖ ሰባት ቀዳዳ ከላይ፣ አንድ ለአውራ ጣት ከሥር አለው። ታች ደግሞ ጣት የማይደርስባቸው ሌሎች አሉ፤ «የሰይጣን ቀዳዳ» ይሏቸዋል። እረኛው ተኝቶ ሳለ ሰይጣን ሊያበላሽበት በሳው፣ ድምፁ ግን ይብሱን አማረ ይባላል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ሰይጣን የልቡ ሞላ። እንደ ዋሽንት በጎን ከንፈሬ ይዤ ብነፋ፣ ብነፋ፣ የሚወጣው ከሰል የማቀጣጥል ይመስል ፉፉታ ብቻ። ጉንጬ ዛለ፣ ላቤ ኮቴን አራሰው።

የሙሽራዋ አባት አዘኑልኝ መሰል ጠጋ ብለው «ደከመህ?» አሉኝ። ተመስገን ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ላይና ታች ነቀነቅሁ።

«አልደከመውም!» ብለው ለሰርገኛው አበሰሩ።