ትንሽ ከፍ አድርግልኝ

እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ፣ ኪርያት ሞሼ ሰፈር፣ ሙዚቃ የሚነካካ ወጣት ካለበት ቤት የገባ እንግዳ ቡናው ሳይፈላ አንዲት ሣጥን ትቀርብለታለች። ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቦታ አትይዝም፤ ቁልፎቿ በየቀለሙ ይብለጨለጫሉ። ግሩቭቦክስ ይሏታል። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ኪቦርዱ ሁሉ እሷው ውስጥ ነው። የጃፓኑ ሮላንድ በ1996 ኤምሲ-303ን በዚህ ስም ገበያ ላይ ካወጣ ወዲህ ዘመድ አዝማዱ በዝቷል፤ የኮርግ ኤሌክትራይብ፣ የኖቬሽን ሰርኪት፣ የስዊድኖቹ ዲጂታክት፣ በአራት ትንንሽ ባትሪ የምትሠራው ኤምሲ-101። በ1955 እዚሁ ሬሆቮት፣ ቫይዝማን ተቋም ውስጥ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ቫይዛክ ሥራ ሲጀምር ክፍል ሙሉ ይይዝ ነበር። ዛሬ ከእሱ እጅግ የፈጠነው ነገር ጭን ላይ ተቀምጦ ዱም ዱም ይላል።

አንዲት ሣጥን ያለው ልጅ ሙዚቃ ይሠራል። መከራው የሚመጣው ሁለተኛዋ ስትገዛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማወዳደር እንጂ ሙዚቃ የለም።

«ይቺኛዋ ትሞቃለች፤ ያቺ ደረቅ ናት» ይላል አንዱ። «ሙቀቱስ ይሁን፣ ሄድሩም የላትም» ይላል ጓደኛው። ሄድሩም የሚሉት መሣሪያው በተለመደው ልክ ሲጫወት ካለው ድምፅ አንሥቶ ድምፁ መቀደድ እስከሚጀምርበት ጣሪያ ድረስ ያለውን ክፍት ቦታ ነው። በዲጂታል መሣሪያ ጣሪያው ዜሮ ዲሲቤል ይባላል። ከዚያ በላይ መሄጃ የለም፤ የሞገዱ አናት ተቆርጦ ይቀራል። የድሮዎቹ አናሎጎች ግን ወደ ጣሪያው ሲጠጉ ቀስ እያሉ ነው የሚበላሹት፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል። «ሙቀት» ተብሎ የሚወደሰውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ለስላሳ ብልሽት ነው። እንግዲህ ልጆቻችን የሚፈልጉት ፈጽሞ የማይበላሽ፣ ግን ደግሞ ትንሽ የተበላሸ ድምፅ ነው። ኮርግ ይህን ጠባይ ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። በ2003 ባወጣቸው ኤሌክትራይቦች ላይ እውነተኛ የቫኪዩም ቱቦዎች ከትንሽ መስኮት ኋላ አኑሮ እያበሩ እንዲታዩ አደረገ። ቱቦው ሲበራ አይቶ «ሞቀ!» የማይል ጆሮ የት ይገኛል?

የውድድሩ አካሄድ ግን ከውድድሩም ይብሳል። ሁለቱ ሣጥኖች ሚክሰር ላይ ይሰካሉ፤ አንዱ ጎብጦ ቁልፍ ያዞራል፣ ሌሎቹ አገጫቸውን ይዘው ፍርድ ይሰጣሉ። የሰው ጆሮ አንድ ክፉ አመል አለው። ከሁለት ተመሳሳይ ድምፅ አንዱ በአንድ ዲሲቤል ያህል ቢበልጥ «ጮኸ» ብሎ አይለየውም፤ «ይኼኛው ይሻላል» ይላል። ቤዙ የወፈረ፣ ጸናጽሉ የጠራ፣ «ካራክተር» ያለው ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ የድምፁን ልክ በመለኪያ እኩል ሳያደርጉ ማወዳደር ማለት ያው ቁልፏ ትንሽ የዞረችውን አሸናፊ ማድረግ ነው። ከዚያ አሸናፊዋ ትወደሳለች፣ የተሸነፈችዋም በግማሽ ዋጋ ትሸጣለች። ገዢው ቤቱ ወስዶ ቁልፏን ከፍ ሲያደርጋት ደግሞ እሷም ካራክተር ታወጣለች።

ሄድሩሙን የሚበላው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን የለም። በልተኛው ኪክ፣ ወፍራሙ የከበሮ ምት ነው። ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ደንዘዝ ያለ በመሆኑ ኪክና ቤዝ እንዲሰሙ ብዙ ጉልበት ይጠይቃሉ። ሁለት እኩል ድምፆች ተገጣጥመው ሲነሡ ስድስት ዲሲቤል ይጨምራሉ፤ ስምንት ትራክ ሲደራረብ ደግሞ ጣሪያው ራስ ላይ ነው። መድኃኒቱ ነጻ ነው፤ ሁሉንም ትራክ ዝቅ አድርጎ ማጉያውን ከፍ ማድረግ። ግን ዝቅ ማድረግን የሚያህል መርዶ በሙዚቀኛ ዘንድ የለም። ዘፋኙ «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ይላል። ኪቦርዲስቱ አልሰማ ስላለው የራሱን ከፍ ያደርጋል። ዘፋኙ ይደግማል። ቀይ መብራቱ ብልጭ ሲል ጥፋቱ የሣጥኗ ይሆናል፤ «ሄድሩም የላትም ብዬህ ነበር!»

ሰፊ ጣሪያ ያላትን ገዝተን ስናበቃ የምናደርገው ጣሪያው ድረስ መሙላት ነው። ለዚህስ ሩቅ መሄድ አያሻም። ቴል አቪቭ ላይ በ1992 የተመሠረተው ዌቭስ ኩባንያ በ1994 ኤል-1 የተባለውን ፕሮግራም አወጣ፤ ከፍ የሚለውን አናት እየያዘ የቀረውን ሁሉ ወደ ላይ የሚገፋ። ዓለምም ተቀብሎ ዘፈኑን ሁሉ ከጣሪያ ጋር አጣበቀው። ሰፊ ቦታ ፍለጋ የሚንከራተተው ወጣት ሥራው ሲያልቅ መጨረሻ ላይ የሚጭነው እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሰርጉ አዳራሽ፣ ወደ ኡላሙ እንሂድ። በ2006 የወጣው የአገሪቱ ደንብ የድግስ አዳራሾች መለኪያ እንዲሰቅሉ ያዛል፤ ድምፁ ከ85 ዲሲቤል አልፎ ከቆየ የማጉያው ኤሌክትሪክ ይቆረጣል። ሳምንታት የተከራከሩበት የሄድሩም ጉዳይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት መሣሪያ ፊት ሲቀርብ ወሬ ብቻ ይሆናል። ሣጥኗ ሃያ ዲሲቤል ይትረፋት አርባ፣ አዳራሹ የሚያውቀው 85ን ነው።

ለእስክስታ የተነሡት እናቶች ደግሞ ሌላ መለኪያ አላቸው። እነዚህ ሣጥኖች ሲወለዱ ጀምሮ 16 እርከን ቆጣሪ ናቸው፤ ለዲስኮና ለቴክኖ የተሰፉ። የእኛ የችክችካ ምት ስድስት ስምንተኛ ነው። ቆጣሪውን 12 ላይ ካላቆሙት ትከሻ ወደ አንድ ወገን፣ ከበሮ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል። ይህን ለማስተካከል ጥቂት ቁልፍ መንካት ይበቃል፣ በአብዛኞቹ ላይ የሚቻልም ነው። ስለ ሙቀትና ድርቀት ሌሊቱን ሲያወራ ያደረ ልጅ ግን 16ቱን እንዳለ ይዞ ሰርግ ይመጣል። «እናንተ፣ ምን ነካው ዛሬ ሙዚቃው?» ይላሉ እትዬዎች፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። መልሱ ሄድሩም አይደለም።

እኔን የሚገርመኝ ጆሯችን በምን እንዳደገ መርሳታችን ነው። ተራ ካሴት በጸጥታውና በጣሪያው መካከል የነበረው 50 ዲሲቤል ገደማ ነው፤ የዛሬዋ ርካሽ ሣጥን በ16 ቢት ብትሠራ እንኳ በስሌት 96 ይደርሳል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ ብቻውን እንደ ባንድ ሆኖ ካሴት ሠራ። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ አውሮጳና አሜሪካ መድረክ ላይ መለሰው። ማሽኑ ደረቅ ነው፣ ቲክ ታክ ይላል፤ «ካራክተር የለውም» ብሎ የመለሰው አድማጭ ግን አልሰማሁም። ማሲንቆስ ቢሆን በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ስንቱን ሰርግ አላስጨፈረም?

ስለዚህ የኪርያት ሞሼ ልጆች ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። ማወዳደሩን አትተዉም፤ አውቃለሁ። ብቻ ሁለቱን ሣጥኖች መጀመሪያ በመለኪያ እኩል አድርጓቸው፣ ቁልፉንም ሌላ ሰው ይያዘው፣ እናንተ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ስሙ። ልዩነቱ ከጠፋባችሁ ሦስተኛዋን አትግዙ። ለመጪው ሰርግ ደግሞ ቆጣሪውን 12 ላይ አድርጉልን።