የሚያስል ሁሉ ይሞታል፦ በድሮ የፍቅር ፊልሞችና በየካ ተመልካቾቻቸው ላይ የተደረገ ጥናት

በድሮ የሆሊውድ የፍቅር ፊልም ሴቲቱ አንዴ ካሳለች አለቀላት። ይህን ሕግ ለማረጋገጥ የፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና ጠጥቶ መመለስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1936 በተሠራው «ካሚል» ግሬታ ጋርቦ ማሳል ስትጀምር፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙት የቤቱ እመቤት ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለስ አድርገው «አይ የኔ ልጅ፣ ሳንባ ነው» ይላሉ። ሐኪሙ ገና አልመጣም። ምርመራው ግን ትክክል ነው፤ ጋርቦ በመጨረሻ በፍቅረኛዋ እቅፍ ውስጥ ታርፋለች።

እመቤቷ ፊልሙን የሚያዩበትን ቴሌቪዥን የላኩላቸው ውጭ አገር ያሉት ልጆቻቸው ናቸው። ይህም በጥናቱ ቦታ አለው። ዳግላስ ሰርክ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ፊልም፣ ጄን ዋይማን የተጫወተቻት ባሏ የሞተባት ሴት አትክልተኛዋን ትወዳለች፤ ልጆቿ «ሰው ምን ይለናል» ብለው ያስተዋትና ለገና ቴሌቪዥን ይገዙላታል። ሃያስያን ትዕይንቱን የብቸኝነት ምልክት ይሉታል። የካ ውስጥ ግን «የተባረኩ ልጆች» ተብሎ ይታለፋል።

ሁለተኛው ሕግ፦ ፍቅረኞች አይደዋወሉም። እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው «አን አፌር ቱ ሪሜምበር» ኬሪ ግራንትና ዴቦራ ኬር ከስድስት ወር በኋላ በኤምፓየር ስቴት ሕንጻ አናት ላይ ለመገናኘት ይቀጣጠራሉ። እሷ ቀና ብላ ሕንጻውን ስታይ መኪና ይገጫታል፤ እሱ የቀረችው ንቃው መስሎት ያኮርፋል፤ እሷም የሆነውን እንዳይነግሩት ትከለክላለች። ታሪኩ አይታመንም የሚል፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ ኔትወርክ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

መሳሳምም ሕግ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሠራው የሆሊውድ የፊልም ደንብ፣ «ሄይስ ኮድ»፣ ረዥም መሳሳምን ስላልወደደ፣ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣው «ኖቶሪየስ» አንዱን መሳሳም ቆራርጦ በመሐል በመሐሉ ወሬ ከተተበት፤ ሕጉ ተከበረ፣ መሳሳሙም ቀጠለ። የእንጦጦው ደንብ አልተጻፈም፤ አፈጻጸሙ ግን ይበልጥ ፈጣን ነው። ሁለት ወጣቶች ባሕር ዛፍ ተደግፈው ጠጋ ጠጋ ሲሉ፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት የተሸከሙ እናት ከዳገቱ ብቅ ብለው «እንደምን ዋላችሁ ልጆች» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሂችኮክም ቢሆን ካሜራውን ይሰበስባል።

ስለ ጭጋግ ትንሽ ማለት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የ«ካዛብላንካ» የመለያያ ትዕይንት የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከኋላ የሚታየው አውሮፕላን ከእውነተኛው ያነሰ የካርቶን ምስል ነበር፤ ትንሽነቱ እንዳይታወቅ መካኒክ ሆነው የቆሙት አጫጭር ሰዎች ነበሩ፣ የቀረውን ጉድለት ደግሞ ሰው ሠራሽ ጭጋግ ሸፈነው። ሃምፍሪ ቦጋርትም ከኢንግሪድ በርግማን እንዳያንስ ከፍ ያለ ጫማ ተደርጎለታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው እንጦጦ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ በነፃ ነው፤ የቦጋርት ጫማ ግን በዚያ ጭቃ አንድ እርምጃ አይሄድም። ይህን ሁሉ እያወቀ የየካው አድናቂ አውሮፕላኑ ሲነሣ ያለቅሳል። ጥናቱ ለዚህ ማብራሪያ አላገኘም፤ አጥኚውም ትዕይንቱን ሲያይ ዓይኑ ደረቅ አልነበረም።

አገሩ የራሱ ሜሎድራማ አጥቶ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው ባለሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ትልቁ ታሪክ ግን እንጦጦ ላይ ነው። ከዳገቱ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ ከተማዋን አዲስ አበባ ያሏት እቴጌ ጣይቱ፣ የታመሙ ባላቸውን እያስታመሙ ሳለ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገፉ። ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ ወደ እንጦጦው አሮጌ ቤተ መንግሥት ተላኩ፤ ወደ ጎንደር ልሂድ ብለው ቢጠይቁ አልተፈቀደላቸውም፤ በ1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ።

ሰርክ ይህን የእቴጌይቱን ታሪክ በፊልም ጽሑፍ መልክ ቢያገኝ «በዛ» ብሎ ግማሹን ይሰርዝ ነበር። ለአገራችን ፕሮዲዩሰሮች ግን አደራ አለን፦ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ታሪኩን ፊልም አድርጋችሁ ስትሠሩት እቴጌይቱን አታስሏቸው።