ምላስ ሁሉ ሐኪም ሲሆን

እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሚዞር አንድ ወሬ አለ፤ «የእነ እገሌ ልጅ ክኒን ጀመረ አሉ!» ክኒኑ የኤዲኤችዲ ነው። ሐሳቡ ቶሎ ለሚበተን፣ ተቀምጦ መቆየት ለሚያቅተው፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ለሚጀምር ልጅ የሚታዘዝ ነው። ወሬው እናትየዋ ጆሮ ሲገባ አፏን ትዘጋለች። ለጎረቤት መዝጋቷ ባልከፋ፤ ልጁ ምግብ እምቢ ማለቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን ለሐኪሙም ሳትነግረው ትቀራለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሷ እኔ እመልሳለሁ፤ የተናገረ ሁሉ ይስማ!

«በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ የት ነበር?»

እዚያው ነበር ጋሼ! «ቀዥቃዣ» እየተባለ በአለንጋ ይታከም ነበር። ብሩህ ሆኖ ሳለ «ሰነፍ» ተብሎ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ከመንደርዎ አይጠፋም። መድኃኒቱም የትናንት አይደለም። አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ ቻርልስ ብራድሊ የሚባል ሐኪም በሮድ አይላንድ ለ30 ልጆች አምፌታሚን ሰጥቶ ግማሽ ያህሉ በትምህርታቸው ጉልህ ለውጥ ማሳየታቸውን ጽፏል። ሪታሊን ውስጥ ያለው ሜቲልፌኒዴት ደግሞ በ1944 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ተቀመመ። ጥቅሙም ጣጣውም ረጅም ዘመን የታየ መድኃኒት ነው።

«እዚህ አገር የተንቀዠቀዠ ልጅ ሁሉ ክኒን ይውጣል!»

ኧረ ሁሉም አይደለም እትዬ! የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የ2022 መረጃ እንደሚለው፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 11.4 ከመቶው፣ 7 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው፣ በአንድ ወቅት ኤዲኤችዲ አለባችሁ ተብለዋል። ችግሩ ዛሬም ካለባቸው ውስጥ መድኃኒት የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የአገሩ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ልጁ 4 ወይም 5 ዓመቱ ከሆነ ከክኒን በፊት የወላጅ ሥልጠና ይቅደም ይላል።

«ልጁ ከስቶ አለቀ፤ አቁሙለት!»

መክሳቱን ማየትሽ መልካም፤ ፍርድሽ ግን ቸኩሏል። የምግብ ፍላጎት መቀነስ የእነዚህ መድኃኒቶች ዋነኛ ጣጣ ነው። ጠዋት በምሳ ዕቃ የተቋጠረው ፍርፍር ዳሩ እንኳ ሳይነካ ተመልሶ ይመጣል። ታዲያ ቁርሱ ይቅደም፣ ክኒኑ ይከተል። ሆዱ የሚከፈተው መድኃኒቱ ሥራ ሳይጀምር ነውና ጨጨብሳው በቅቤ ይራስ፣ እንቁላሉ ይታከልበት፣ ወተቱ ቅባቱ ያልወጣ ይሁን። ምሳ ላይ አታስጨንቁት። አመሻሹ ላይ የመድኃኒቱ ኃይል ሲወርድ ረሃቡ ይመጣል፤ ያኔ ራቱን ይብላ፣ ከመተኛቱ በፊትም ይድገም። «የራት ሰዓት አልፏል» የሚል ሕግ ለዚህ ልጅ አይሠራም። ለዓመታት ሳያቋርጥ የሚወስድ ልጅ ቁመቱ በጥቂቱ ሊዘገይ ስለሚችል በየቀጠሮው ይመዘን፣ ይለካ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊያድስ ሲል ልጁ ሚዛን ላይ ካልወጣ፣ «ዶክተር፣ መጀመሪያ ይመዘን» በሉት። መብታችሁ ነው።

«ጾም ገብቷል፤ ቁርስ ይቅር!»

አይቀርም እማማ! በባዶ ሆዱ ክኒን የዋጠ ልጅ ሆዱን ሊቆርጠው፣ ራሱን ሊያመው ይችላል፤ ምግብ ሲቀርብለት ደግሞ ፍላጎቱ ጠፍቷል። መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ የሚፈቀደውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ጾሙን ቄሱ ይምከሩበት፣ ክኒኑን ሐኪሙ ይምከርበት፤ በሁለቱ መሃል ግን ልጁ አይራብ።

«ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ ያድራል!»

በስንት ሰዓት ነው የዋጠው? አጭሩ ሜቲልፌኒዴት ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ረጅሙ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይሠራል። ቅዳሜ «ይተኛ፣ ደክሞታል» ተብሎ ረፋዱ ላይ ረጅሙ ከተሰጠው፣ ሌሊት ላይ ማፍጠጡ ምን ይገርማል? በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይሰጠው። «በረካ ነው፣ ይቅመስ» ብሎ ሲኒ ማቀበልም ይቁም፤ ቡናና ኮካ ኮላ እንቅልፉን ይባስ ያርቁታል። ስልኩም ከአልጋው ይራቅ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቅልፍ ካልመጣ ለሐኪሙ ይነገር።

«ሲመሽ የሚይዘው ጋኔን ነው!»

ጋኔን ሰዓት ቆጥሮ አይመጣም! በየቀኑ በዚያችው ሰዓት የሚመጣው ለቅሶና ቁጣ የመድኃኒቱ ኃይል ሲወርድ የሚታይ መነጫነጭ ነው። ሰዓቱን ለአንድ ሳምንት መዝግባችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራውን ሊያዝ ወይም ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። እስከዚያው በዚያች ሰዓት የቤት ሥራ አይውጣ፤ መክሰስ ይቅረብለት፣ ውጭ ወጥቶ ይሩጥ።

«ፈዘዘ፣ ሳቁ ጠፋ፤ ልጃችን የት ሄደ?»

ይህን ያለ አፍ ይባረክ! ከእናንተ ሁሉ እሱ ነው ልጁን ያየው። የፈዘዘ ልጅ «ታረመ» አይባልም፤ መምህሩ «አሁን ጨዋ ሆነ» ብሎ ቢያመሰግንም አይባልም። ወይ መጠኑ በዝቶበታል፣ ወይ መድኃኒቱ አልተስማማውም። ጨው በዛ ተብሎ ግን ወጡ አይደፋም፤ ይስተካከላል። መጠኑ ይቀነሳል፣ ካልሆነም ወደ ሌላ ዓይነት ይዞራል። ማስተካከል የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ግማሹን ቆርሶ መስጠት የአክስት ሥራ አይደለም።

«ክኒኑ እንዳለ ወጣ፤ ገንዘባችን ሽንት ቤት ገባ!»

ክኒኑ ኮንሰርታ የሚባለው ከሆነ የወጣው ቅርፊቱ ነው፤ መድኃኒቱ ልጁ ሰውነት ውስጥ ገብቷል። ቅርፊቱ እንዳይሟሟ ሆኖ ነው የተሠራው። «መዋጥ ከበደው» ተብሎ ግን እንዳይወቀጥ፣ እንዳያኝከው! ለሙሉ ቀን የታሰበው በአንዴ ይለቀቅበታል። ተከፍተው ለስላሳ ምግብ ላይ የሚበተኑ እንክብሎች አሉ፤ የእናንተው ከእነዚያ መሆኑን ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

«ክረምቱን ይረፍ፤ ያለ ክኒን ይክረም!»

ከሐኪሙ ጋር ተመክሮበት የሚያርፍ ልጅ አለ። ሳይመከር ግን አይሆንም። ጓንፋሲንና ክሎኒዲን የሚባሉት የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ የደም ግፊት ሊንር ይችላል፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሱት። ክረምቱን አዲስ አበባ የምታሳልፉም መድኃኒቱን ከነብልቃጡ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ያዙ፤ ሜቲልፌኒዴትና አምፌታሚን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። እቤትም ይቆለፍባቸው። ለፈተና የሚያጠና የአክስት ልጅና ሌሊት የሚነዳ አጎት የዚህ ክኒን ባለቤቶች አይደሉም።

«ልብ ያቆማል ይባላል እኮ!»

«ይባላል» የሚለውን ትተን የሚታወቀውን እንያዝ። እንደ ሜቲልፌኒዴትና አምፌታሚን ያሉት የሚያነቃቁ መድኃኒቶች የልብ ምትንና የደም ግፊትን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ይለካሉ። ከዘመድ መሃል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ልጁ ራሱ ሲሮጥ ተዝለፍልፎ የወደቀበት ጊዜ ካለ መድኃኒቱ ሳይጀመር መነገር አለበት። ይህንን ወሬ ቡና ላይ ሳይሆን ሐኪሙ ፊት አውሩት! ከተጀመረ በኋላም ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ራሱን ከሳተ፣ የሌለ ነገር ካየ ወይም ከሰማ፣ የወንድ ልጅ ብልት ቆሞ እያመመው አልመለስ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። «ብሞት ይሻለኛል» ካለም ቁጣና ምክር ይቆይ፤ በተለይ አቶሞክሴቲን የሚባለውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሊመጣ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በመድኃኒቱ ላይ አለ። 911 ይደወል።

«ጸበል ይሻለው ነበር!»

ጸበሉን ማን ከለከለ? ይጠመቅ፣ ይጸለይለት፤ ክኒኑንም በሰዓቱ ይውሰድ። ለልጁ የቆመ ሰው እጁን ይዞ ወደ ሁለቱም ያደርሰዋል።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም፤ ለሐኪሙ ምን ብዬ ልንገረው?»

ይህችኛዋን ግን አልመልስባትም፤ አብሬያት እቆማለሁ። እህቴ፣ በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዢ «አማርኛ አስተርጓሚ» በይ። ልጁን ስለ ራሱ ሕመም አታስተርጉሚው፤ ያፈረበትን ይዘልለዋል። በወረቀት ላይ አራት ነገር በአማርኛ ጻፊ፦ ስንት ሰዓት ዋጠ፣ ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ላይ ተነጫነጨ። ይህች ወረቀት ከሰፈሩ ምክር ሁሉ ትበልጣለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል አባቶቻችን። የመድኃኒቱን ጣጣ የደበቀም እንደዚያው ነው። ሰው የፈለገውን ይበል፤ አንቺ ያየሽውን ለሐኪሙ ንገሪው።