ለግምት የሚበቃ መብራት

ያለ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ማስተማር አይቻልም የሚሉ ሰዎች ሐዋሳን አያውቁም። መሃል ከተማ የካፌ ዋይፋይና የጎግል ኮላብ ነፃ አካውንት ያገኘ ተማሪ፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋና የግዥ ኮሚቴ ፊርማ ሳይጠብቅ ተመራማሪ ይሆናል። ነፃው ኮላብ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 12 ሰዓት ይሠራል፤ ጂፒዩ ለማግኘትም ኩባንያው ዋስትና አይሰጥም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ሥርዓተ ትምህርት ነው፦ ሞዴሉ ሠልጥኖ ሳይጨርስ መስመሩ ሲቋረጥ ተማሪው ትዕግሥትን ይማራል፤ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱ ተማረ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ የሠልጣኙ ቁጥር እንጂ የማሽኑ ቁጥር በስሙ ውስጥ የለም።

«የቸገረው ገንዘቡ እንጂ ኃይልማ አለ» የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ! የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎች በዶላር ይሸጣል፤ ማሽኖቻቸውም ሌት ተቀን ቁጥር ሲገምቱ ያድራሉ። እነዚያ ማሽኖች ከዚያ ስሌት ሌላ አይችሉም፣ ሞዴል አያሠለጥኑም ብሎ የሚከራከር ባለሙያ ትክክል ነው። ያረጀ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ዴስክቶፕስ መቼ አሠለጠነና? ልዩነታቸው አንዱ ዶላር ማምጣቱ፣ ሌላው ዶላር መጠየቁ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ምርምሩን ለጊዜው ትተው እንደ ማይኒንግ ኩባንያዎቹ ቁጥር ይገምቱ፤ በሚያገኙት ዶላር ጂፒዩ ይዘዙ። ዕቃው ከጉምሩክ እስኪወጣ ተማሪው ይመረቃል፤ ለተመረቀ ሰው ደግሞ ጂፒዩ ምን ያደርግለታል?