ከእርሾው ጎን

ቃሊቲ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እማማ፣ ስኳር ቢጠይቋቸው ከነጣሳው ይሰጣሉ (ለነገሩ ሐኪም ከከለከላቸው ቆይቷል)። እርሾ ግን አያበድሩም። "እርሾዬ የሰው እጅ ካየ ያኮርፈኛል" ይላሉ። በጆግ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ሸሽገውታል።

ባለፈው ረቡዕ ቡና ላይ፣ ቂሊንጦ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባዮቴክኖሎጂ የሚማረው ልጃቸው፣ "የሰው ዘረመል እርሾ ውስጥ እየገባ መድኃኒት ይመረታል" ቢል ስኒው ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

"በስመ አብ! የሰው ዘር በእርሾ? እንዲህ ያለው ነገር በደጄም አይለፍ!"

ጎረቤታችን ጋሼም ከግሮሰሪ ይዘውት የመጡትን ቢራ ሳብ አድርገው፣ "እኔ ተፈጥሮ ያልሰጠኝን አልቀምስም" አሉ። ሃንሰን የሚባል ዴንማርካዊ በ1883 እ.ኤ.አ. የቢራ እርሾን ከአንዲት ሕዋስ ለይቶ ካራባ ወዲህ፣ እርሾው እንደ ምርጥ ኮርማ ዘሩ እየተጠበቀ በላቦራቶሪ እንደሚኖር ማን ይንገራቸው?

ልጁ ግን አልተወም። እርሾ ሥራ አያንሰውም አለ፤ ክፋቱ ያመረተውን ፕሮቲን መልሶ መብላቱ ነው። ስትቀምስ ስትቀምስ ድስቱን እንደምትጨርስ ወጥ ሠሪ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ፕሮቲን የሚቆራርጡትን ኢንዛይሞች ዘረመል ያጠፉበታል፤ ጥርሱን ያወልቁታል እንበል። ምርቱን ሆዱ ውስጥ እንዳይሸሽግም ወደ ውጭ የሚያስወጣ ምልክት ይቀጥሉበታል። እማማ እዚህ ላይ ፈገግ አሉ፤ ወጥ ሠሪዋን ሳያውቋት አልቀሩም።

ማታ የመርፌያቸው ሰዓት ደረሰ። ልጁ ከእርሾው ጆግ ጎን የኢንሱሊኗን ብልቃጥ አንስቶ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘረጋው። ጉንዳን በሚያህል ፊደል "ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ" ይላል። ዳቦ የሚያስነሳው እርሾ ነው፤ የጋሼን ቢራ የሚጠምቀው ደግሞ የሥጋ ዘመዱ። ኖቮ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ኢንሱሊንን በእርሾ ማምረት የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው።

እማማ ብልቃጧን አዩ፤ ጆጉን አዩ።

"ድሮስ ከምን ነበር የሚሠሩት?"

"ከከብትና ከአሳማ ቆሽት፣ እማዬ።"

ለአፍታ ዝም አሉ።

"ታዲያ ይሄኛው የጾም ነው በለኛ!" ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

መርፌውን ተወግተው ሲያበቁ ፍሪጁን ከፈቱና ብልቃጧን መለሱ። ጆጉን ግን ጋሼ እያዩ ስለነበር ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት።